ከፖቶማክ ወዲህና ወዲያ ያሉ ማኅበርተኞች

የዓለም አቀፍ ልማትን ታሪክ የሚጽፉ ሊቃውንት ትረካቸውን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት በዋሽንግተን መካከል ከቆሙት ታላላቅ ሕንፃዎች፣ ከዓለም ባንክና በ1961 ከተመሠረተው ከአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት ነው (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ነገር ግን ከእነዚያ ሕንፃዎች በስተሰሜን በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶም በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ የሰፈሩት ኢትዮጵያውያን ያቋቋሟቸውን ማኅበራት ቀርቦ ያየ ሰው፣ ሙት ከመቅበርና እንግዳ ከመቀበል የተነሣ ትብብር ቀስ በቀስ እየሰፋ እስከ ሀገር ቤት እንደ ደረሰ ይረዳል።

ስለ ኢትዮጵያ በዋሽንግተን ከተማ ከቆሙት ማኅበራት ቀደምት ከሚባሉት አንዱ በ1934 የሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር የነበሩት ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ፣ በዚያው ሕክምና ይማሩ ከነበሩት ከመላኩ በያን ጋር ሆነው የመሠረቱት የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ነው። በዓመቱ ፋሺስት ኢጣልያ ሀገራችንን ወረረች፤ ዶክተር መላኩም ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደ ሀገራቸው ከገቡ በኋላ እንደገና ወደ አሜሪካ ተልከው በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን አቋቋሙ። ለፌዴሬሽኑ ሳንቲማቸውን ያዋጡት ራሳቸው በዘር አድልዎ ቀንበር ሥር ይኖሩ የነበሩ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ዶክተር መላኩ ግን ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ከመግባታቸው አንድ ዓመት ቀደም ብለው፣ በግንቦት 1940 ዐረፉ። የእኛ ማኅበራት በየዓመቱ በሚያደርጉት በዓል ላይ የእሳቸውም ሆነ የሃንስቤሪ ስም እምብዛም አለመነሣቱ፣ በእኔ አስተያየት፣ ውለታን መዘንጋት ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ርዳታው በመንግሥታት መካከል ሆነ። በ1951 የአራተኛው ነጥብ የተባለው የአሜሪካ የቴክኒክ ርዳታ ስምምነት ተፈረመ፤ በ1962 የሰላም ጓድ መምህራን በየአውራጃው ትምህርት ቤት ገቡ፤ ከእኛ በኩል ደግሞ ወጣቶች ለትምህርት ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። እነዚያ ተማሪዎች ማኅበር ነበራቸው፤ መጽሔት ያሳትሙ፣ ስለ መሬት ሥሪት ይከራከሩ ነበር፤ ዕድር ማቆም ግን አላሳሰባቸውም፤ ዲግሪውን ይዞ ለመመለስ የተሰናዳ ሰው በባዕድ ምድር ስለ መቃብሩ አያስብምና።

ስለ መቃብር ማሰብ የመጣው ከስደቱ ጋር ነው። ከ1974ቱ አብዮትና ከቀይ ሽብር የሸሸው ሕዝብ ሱዳን ደርሶ በመጠለያ ሲሰነብት፣ አሜሪካ በመጋቢት 1980 የስደተኞችን ሕግ አወጣች፤ በዚያ በር የገቡት በመጀመሪያ በዋሽንግተን አዳምስ ሞርጋን ሰፈሩ፤ የቤት ኪራይ እየናረ ሲሄድ ደግሞ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ፈለሱ። ታክሲ የሚነዳ፣ በሆቴል አልጋ የሚያነጥፍ፣ በመኪና ማቆሚያ ቲኬት የሚቆርጥ ሰው ድንገት ሲያርፍ አስከሬኑን ማን ያንሣ የሚለው ጥያቄ ከማንኛውም የልማት ዕቅድ ቀደመ። እንግዲህ በአዲስ አበባ የለመዱትን ሥርዓት መለሱት፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መረጡ፣ ደንብ ጻፉ፣ መዋጮ ወሰኑ። ሞት በሆነ ጊዜ ገንዘብ ያዡ ለቀብር አስፈጻሚው ቤት ዋስ ይሆናል፤ አንዱ የሞት ምስክር ወረቀቱን ያወጣል፣ ሌላው ኤምባሲ ሄዶ ያስመሰክራል፤ ሣጥኑ ታሽጎ ከደለስ አውሮፕላን ጣቢያ ወደ ቦሌ ይጫናል። ሴቶቹ ደግሞ እንጀራና ወጥ ይዘው ለቅሶ ቤት ይገባሉ፤ ድንኳን መትከያ ስለሌለ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይለመናል፣ ፍትሐቱም በዚያው ይደርሳል። እስላሙም ወገን በመስጊዱ ዙሪያ የራሱን መረዳጃ አበጅቷል።

በ1983 በአሌክሳንድሪያ ጎረቤት በአርሊንግተን የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት ተቋቋመ። መሥራቹ ዶክተር ፀሐዬ ተፈራ የቋንቋ ምሁር ናቸው። ድርጅቱ ሥራውን የጀመረው አዲስ ገቢውን ቤት በማስያዝ፣ ሥራ በማፈላለግና ፎርም በመሙላት ሲሆን፣ ውሎ አድሮ በመንግሥት ታውቆ ከየትኛውም ሀገር የመጣ ስደተኛ ከሚያሰፍሩት ጥቂት ብሔራዊ ድርጅቶች አንዱ ሆነ፤ ለአነስተኛ ነጋዴ ብድር የሚሰጥ ክፍልም አለው። በራሳችን ስም የተጠራ ተቋም ለባዕዱ ስደተኛ አስተናጋጅ እስከ መሆን መድረሱን ከየትኛውም የገንዘብ ድምር አብልጬ አደንቃለሁ።

ወደ ሀገር ቤት የተዘረጋው እጅ ግን ይህን ያህል አልቀናውም። የ1984ቱ ረኀብ ስደተኛውን አስለቅሶ ኪሱን ቢያስፈታውም፣ ፖለቲካ በየማኅበሩ ገብቶ እህልን ማን ያድርስ በሚለው ላይ ወንድም ከወንድሙ ተለያየ፤ በ1989 በዚያችው ዋሽንግተን የትግራይ ልማት ማኅበር ሲመሠረትም የልማት ሥራ በክልልና በብሔር የሚከፈልበት ዘመን እየቀረበ ነበር። በ2009 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ደግሞ በመብት ጉዳይ የሚሠራ ማኅበር ከውጭ የሚያገኘው ገቢ ከመቶ 10 እንዳይበልጥ ከለከለ፤ በባዕድ ሀገር ከሚኖር ሰው የመጣውንም ከውጭ ምንጭ ቈጠረው፤ ስለዚህ በአሌክሳንድሪያ የሚኖረው ልጅ የሚልከው ገንዘብ በሕጉ ዓይን የባዕድ ገንዘብ ሆነ። አዋጁ በ2019 በቁጥር 1113 ተሻረ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 2018፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ዳያስፖራው በቀን 1 ዶላር እንዲያዋጣ ጠየቁ፤ ለዚያም የአደራ ገንዘብ በአሜሪካ ተቋቋመ። ጅማሬው ሞቅ ያለ ነበር፤ ኋላ ግን ጦርነት መጣ፣ ሰዎቹም እንደገና ተለያዩ።

ልከኛ ዓላማ ይዘው የተነሡት የተሻለ ሰንብተዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት የሞንትጎመሪ አውራጃ በ2012 ከጎንደር ጋር የእኅትማማች ከተማ ውል አሰረ። በአሌክሳንድሪያ ሳውዘርን ታወርስ በሚባሉት አምስት ረጃጅም ሕንፃዎች የሚኖሩ፣ ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ ተከራዮች በ2020 ወረርሽኝ ሥራቸው በቆመ ጊዜ፣ አፍሪካን ኮምዩኒቲስ ቱጌዘር ከሚባለው ማኅበር ጋር ሆነው ኪራይንና ከቤት መባረርን ተቃውመው ሰልፍ ወጡ። በአንጻሩ ታላቁ የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት በሐምሌ 1 ቀን 2025 ሥራው ወደ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተጠቃልሎ ታሪክ ሆነ።

ዕድሩ ግን የራሱ ጭንቀት አለበት። በ1980ዎቹ በጎልማሳነት የገቡት አሁን አርጅተዋል፤ ሞት ሲበዛ መዋጮ ይበዛል፣ መዋጮ ሲበዛ ወጣቱ ይሸሻል። ለመግቢያ የዕድሜ ወሰን ይደረግ የሚል አለ፤ ዘግይቶ የሚገባ ሽማግሌ ያለፈውን ዓመት መዋጮ አሟልቶ ይክፈል የሚል አለ፤ አስከሬን ወደ ሀገር መላኩ ቀርቶ በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ የመቃብር ቦታ በጋራ ይገዛ የሚልም አለ። ይህን የመጨረሻውን ሐሳብ አብዝተው የሚቃወሙት እዚያው ልጅ ወልደው የልጅ ልጅ ያዩት አረጋውያን ናቸው።