የፀሐይ ፍኖትና የሕንፃ ሥርዓት በዘጠነኛው መስመረ ኬክሮስ

ፀሐይ የምትወጣበትና የምትገባበት ስፍራ ዓመቱን ሙሉ አንድ አለመሆኑን፣ ከወር ወርም ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እየተዘዋወረች እንደምትመላለስ የጥንት ሊቃውንት ጠንቅቀው ያውቁ ነበርና፣ ሙሉ ቃሉ በግእዝ ልሳን ብቻ ተጠብቆ የቆየልን መጽሐፈ ሄኖክ፣ ስለ ብርሃናት በሚናገርበት ክፍሉ፣ ለመውጫዋ ስድስት ደጆችን በምሥራቅ፣ ለመግቢያዋም ስድስት ደጆችን በምዕራብ አቁሞ የመዓልትንና የሌሊትን ርዝመት በእነዚያ ይሰፍራል። ሊቃውንቱ ይህን ዕውቀት ለዘመን አቈጣጠር አውለውታል። ዛሬ በአገራችን ከተሞች ሕንፃ የሚነድፍ ባለሙያም ገና ወረቀቱ ላይ መስመር ሳያሰምር ይህንኑ ፍኖት ሊያጠና ይገባዋል ብዬ አምናለሁ፤ ከሌላ አህጉር የመጣ ንድፍ ከሌላ ኬክሮስ ፀሐይ ጋር የተዋዋለ ነውና።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ላይ የተቈረቈረች ስለሆነች፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ 5 እና በነሐሴ 23 አካባቢ፣ በቀትር በአናቷ ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ በእነዚህ ዕለታት መካከል ባሉት አራት ወር ተኩል ያህል የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስትታይ፣ በቀረው ወራት ሁሉ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ወደ ሰሜን አብዝታ በምትርቅበት በሰኔ አጋማሽ የቀትር ከፍታዋ ከአድማስ 76 ዲግሪ ያህል ሲሆን፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ወደ 58 ዲግሪ ዝቅ ትላለች። ስለዚህ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ መስኮት በሰሜን ግድግዳ ላይ ቢከፈት፣ ከበላዩ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ የወጣ መከለያ የሰኔን የቀትር ጨረር ፈጽሞ ያስቀርለታል፤ በደቡብ ግድግዳ ላይ ላለ መስኮት ግን በታኅሣሥ ያንኑ ጥላ ለማግኘት 95 ሳንቲ ሜትር ያህል ያስፈልጋል።

ይሁንና ጥላው ይፈለግ ወይም አይፈለግ እንደ ሆነ ፍኖተ ፀሐይ ብቻውን አይወስነውም። ዜኖፎን እንደ ጻፈው፣ ፈላስፋው ሶቅራጥስ የቤት ፊት ወደ ደቡብ ቢሆን በብርድ ወራት ፀሐይ ወደ በረንዳው ዘልቃ ትገባለች፣ በሙቀት ወራት ግን ከጣራው በላይ አልፋ ጥላ ትሰጣለች ብሎ አስተምሯል፤ ይህም በ38 ዲግሪ ላይ ላለችው ለአቴና የተነገረ ምክር ነው። አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ደጋማ ከተማ እንደ መሆኗ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ቁር፣ ንጋቱም ብርድ ስለሆነ፣ የደቡቡን ፀሐይ መጠኗን አውቆ ወደ ቤት ማስገባት ለነዋሪው በረከት ነው። ድሬዳዋን ግን እንመልከት፤ በኬክሮስ ከአዲስ አበባ እምብዛም ስለማትርቅ ፀሐይዋ የምትሄድበት መንገድ ያው አንዱ ነው፤ ከፍታዋ ግን ከአዲስ አበባ ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሚያንስ ዋዕየ ፀሐይ የጸናባት ናትና፣ በዚያ የደቡቡም መስኮት ሰፊ መከለያና ጥልቅ በረንዳ ይሻል። አንድ የሕንፃ ንድፍ ሳይለወጥ በሁለቱም ከተሞች ሲሠራ ማየት ስለዚህ ያሳዝነኛል።

በሁለቱም ከተሞች እኩል አስቸጋሪ የሆነው የምዕራቡ ግድግዳ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ፀሐይ ከአድማስ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብላ በቀጥታ ወደ መስኮቱ ስለምትመለከት፣ ከበላይ የተሠራ መከለያ አይገታትም፤ የሚገታት በጎን ቀጥ ብሎ የቆመ መከለያ፣ ወይም ዛፍ፣ ወይም ጭራሹን መስኮት አለመክፈት ነው። ምሥራቁም የሚቀበለው ጨረር ከዚህ አይተናነስም፤ ነገር ግን የንጋቱ አየር ቀዝቃዛ ሲሆን የምዕራቡ ጨረር የሚደርሰው አየሩ አስቀድሞ ከሞቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ቦታው የፈቀደ እንደ ሆነ የሕንፃው ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተዘርግቶ፣ ሰፋፊዎቹ ግድግዳዎች ሰሜንንና ደቡብን እንዲመለከቱ፣ ጠባቦቹም ምሥራቅንና ምዕራብን እንዲይዙ ማድረግ የመጀመሪያው ሥርዓት ነው። በከተማችን በአዲስ አበባ ዐራቱንም ፊታቸውን መስታወት ያለበሱ ረጃጅም ሕንፃዎች ይህን ሥርዓት ፈጽሞ ትተውታል፤ መስታወት የፀሐይን ብርሃን በቀላሉ አሳልፎ፣ ከውስጥ ከሞቀው ወለልና ዕቃ የሚመነጨውን ሙቀት ግን መልሶ ወደ ውጭ ስለማያሳልፍ፣ አየርዋ ለሰው ልጅ እጅግ በተስማማች ከተማ ውስጥ ሠራተኛው በማቀዝቀዣ ማሽን ሥር እንዲውል አስገድደውታል።

በቀትር ከሁሉ አብልጦ የሚነደው ግን ጣራው ነው፤ ፀሐይ በአናት ላይ በምታልፍበት አገር ጣራ አምስተኛው ግድግዳ፣ ከአምስቱም ዋናው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቀጭኑ ቆርቆሮ በቀትር ይግላል፣ በሌሊት ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፤ ከሥሩ ኮርኒስ፣ በመካከላቸውም ነፋስ የሚያልፍበት ክፍት ቢኖረው ጉዳቱ ይቀልላል። የቀድሞ ክብ አብያተ ክርስቲያናት የሣር ክዳናቸው ወፍራም፣ ከግድግዳውም አልፎ እስከ ቅኔ ማኅሌቱ ዙሪያ የወረደ ስለነበረ፣ ከዝናብ የሚጠብቀው ያው ክዳን ከምዕራቡም ፀሐይ ይጠብቅ ነበር፤ ወፍራሙ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳም የመዓልቱን ሙቀት አዘግይቶ ለሌሊቱ ያወርሳል።

ጣራው ኀይልን የምንሰበስብበትም ስፍራ ነው። በአገራችን በአግድም በተዘረጋ አንድ ሜትር ካሬ ላይ በቀን በአማካይ ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት የሚደርስ የፀሐይ ኀይል ይወርዳል፤ ውኃ ማሞቂያ ከዚህ ግማሽ ያህሉን ወደ ሙቀት ሲለውጥ፣ ከፀሐይ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ሰሌዳ ከአምስት እጅ አንዱን፣ ማለትም አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ሰሌዳው ወደ ደቡብ 10 ዲግሪ ያህል ቢያዘነብል ዓመቱን ሙሉ መልካም ይሠራል፣ ዝናቡም አቧራውን ያጥብለታል፤ የደጋው ቀዝቃዛ አየርም ይረዳዋል፣ ሰሌዳ ሲግል ምርቱ ይቀንሳልና። ነገር ግን 15 ፎቅ ያለው ሕንፃ ጣራው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ከእያንዳንዱ ሜትር ካሬ ጣራ የሚገኘው ያ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ለ15 ሜትር ካሬ ወለል መከፋፈል አለበት፤ በአንጻሩ ሰማዩ በጠራ ከሰዓት በኋላ፣ መከለያ የሌለው አንድ ሜትር ካሬ የምዕራብ መስታወት ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ብቻውን ወደ ውስጥ ያስገባል። እንግዲህ ለእንዲህ ያለው ሕንፃ ሰሌዳ ከመግዛት በፊት የሚቀድመው ወጪ የምዕራቡን መስኮት ማጥበብና መከለል ነው።