የትምህርት ቤቱ መድረክና ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ

ጡረታ የወጣች መምህርት ስታርፍ የሕይወቷ ታሪክ የሚተረከው በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው። የልጅ ልጆቿ አያታቸው ማታ ማታ ታወራላቸው የነበረውን ተረት ያነሣሉ፤ በእርሷ እጅ ፊደል ቆጥረው ዛሬ ጠጉራቸው የሸበተ ሰዎች ደግሞ ስለ ቁጣዋና ስለ ርኅራኄዋ ይጫወታሉ። ሣልስት ሲያልፍ ድንኳኑ ይነቀላል፤ ትዝታውም ቤተሰቡ ዘንድ ይቀራል። የታሪክ ጸሐፊ ወደዚያ ድንኳን ብቅ የሚለው ሟቹ ጦር የመራ ወይም ሥልጣን የያዘ እንደሆነ ነው።

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ2001 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው ሲያርፉ ስማቸው አዲስ አልነበረም። አርበኛ ነበሩ፤ በሕዝብ ተመርጠው ምክር ቤት የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ነበሩ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ይሁንና ከሁለቱ ማዕረጎች መካከል መምህርነታቸው ተረስቶ ቀርቷል፤ ያለ መምህርነታቸው ደግሞ ድርሰታቸው ሊገባን አይችልም።

የተወለዱት በ1908 ዓ.ም. ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ራሳቸው በአውሮፓ የተማሩ ሰው ስለ ነበሩ ሴት ልጆቻቸውን ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ላኩ። ሴት ልጅ ከጓዳ እንዳትወጣ በሚፈለግበት በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ወይዘሮ ስንዱ ተምረው ወደ አገራቸው ከተመለሱ ጥቂት ዓመታት በኋላ ፋሺስት ኢጣልያ ወረረች። ከጥቁር አንበሶች ጋር ተሰለፉ፤ ተማረኩ፤ በግዞትም ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ጋር ወደ አዚናራ ደሴት ተወሰዱ።

ከነጻነት በኋላ የሄዱት ወደ ደሴ፣ ወደ ማስተማር ሥራ ነው። ኋላም በ1924 ዓ.ም. የተከፈተውንና እስከዚያ ድረስ በውጭ አገር ሴቶች ሲመራ የቆየውን የእቴጌ መነን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ለመምራት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ።

እዚህ ላይ የቴአትራችንን ታሪክ ጠጋ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል። ዘመናዊ ተውኔታችን ያደገው ከትምህርት ቤት ግቢ ነው። ዮፍታሔ ንጉሤም ሆኑ መላኩ በጎሰው መምህራን ነበሩ፤ ተዋንያኖቻቸውም ተማሪዎች። ባለሙያ ተዋናይ፣ መጋረጃና መብራት የተሟላለት አዳራሽ የመጣው ኋላ ነው። እኛ ግን የቴአትር ታሪክ ስንጽፍ ከትልልቆቹ ቤቶች መመረቅ እንጀምርና የተማሪዎችን ጨዋታ የልጆች ነገር ነው ብለን እናልፈዋለን። በእኔ እምነት ይህ ግንዱን ትቶ ቅርንጫፉን መቁጠር ነው።

ወይዘሮ ስንዱም ተውኔት የጻፉት ለዚሁ ለትምህርት ቤቱ መድረክ ነው። ከወረራው ዘመን ወጥተው ብዙ ዓመት ሳይቆዩ፣ የአገር ፍቅርንና የመከራውን ጊዜ ለተማሪ አንደበት በሚመች ቋንቋ አቀረቡት። በ1942 ዓ.ም. የታተመው «የልቤ መጽሐፍ» ተውኔቶቻቸውንና ግጥሞቻቸውን ይዟል። ሐያሲ ምክሩ በዝቷል፣ ገጸ ባሕርያቱ ንግግር ያበዛሉ ሊል ይችላል። እኔም ተውኔት ጸሐፊ ነኝና ነቀፌታው ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ነገር ግን ተውኔቱ የተጻፈው ለማን እንደሆነ ያልጠየቀ ሐያሲ ግማሹን አላነበበም። በዚያ ዘመን በከተማው መድረክ ላይ የሴትን ገጸ ባሕርይ ቀሚስ ለብሶ የሚጫወተው ወንድ ነበር። እናቲቱም፣ ሙሽራይቱም፣ ንግሥቲቱም ወንድ ነበሩ። ልጃገረድ በሰው ፊት ቆማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ማየት ያልለመደ ኅብረተሰብ ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ ለሴት ተማሪ ረጅም ንግግር መስጠት እንደ ድርሰት ጉድለት ብቻ ሊቆጠር አይገባውም፤ ትምህርቱ ራሱ እርሱ ነበር።

የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ለሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት ሰጠ። ወይዘሮ ስንዱ በተከተለው ምርጫ ተወዳድረው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ገቡ፤ በምክትል ፕሬዚዳንትነትም ሠሩ። ይህን ሌሎች ጽፈውታል፤ አልደግመውም።

ከእርሳቸው ጋር ወደ ስዊዘርላንድ የሄዱት ታናሽ እህታቸው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም አርፈዋል። የእማሆይ ፒያኖ በሸክላ ስለ ተቀረጸ ዛሬ በብዙ አገር ይደመጣል። የተማሪዎች ቴአትር ግን መጋረጃው ሲዘጋ ያበቃል፤ የሚኖረው በታተመው ቃልና በተጫወቱት ሰዎች ትዝታ ነው። በዚያ መድረክ የቆሙት ልጃገረዶች፣ በሕይወት ያሉት፣ ዛሬ ሰማንያና ዘጠና ዓመት የተሻገሩ አያቶች ናቸው። የቴአትር ተማሪዎቻችን ድምፅ መቅረጫ ይዘው ወደ እነዚህ እናቶች ቤት ቢሄዱ የሚጠይቁት አያጡም፤ የንጉሡን ገጸ ባሕርይ ማን ተጫወተች? ልብሱ ከማን ቤት ተዋሰ? ሲለማመዱ የተሳሳተችውን ወይዘሮ ስንዱ ምን ይሏት ነበር?