የቺካጎ ማዘጋጃ ቤት መዝገብ እንዴት እንደ ተከፈተ



በመሥሪያ ቤታችሁ መደርደሪያ ላይ የሚተኛው ዶሴ የማን እንደ ሆነ ራሳችሁን ጠይቃችሁ ታውቁ ይሆን? ጸሐፊው ጽፎታል፤ ሹሙ ፈርሞበታል፤ ማኅተም አርፎበታል፤ የመዝገብ ቤቱም ሠራተኛ ቈልፎበታል። ባለጉዳይ መጥቶ «አሳዩኝ» ሲል ግን የምንሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ነገ ተመለስ» የሚል ነው። ዛሬ የምተርክላችሁ በአሜሪካ፥ በቺካጎ ከተማ፥ እንዲህ ያለው «ነገ» ምን እንዳስከተለ ነው። ዘመኑን የጻፍሁት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

መንግሥት የጻፈውን ሕዝብ እንዲያይ በሕግ የፈቀደች የመጀመሪያይቱ አገር ስዊድን ስትሆን፥ ሕጉ የወጣው በ1766 ነበር። ለዚህም ብዙ ከደከሙት አንዱ አንደርስ ኪዴኒዩስ የተባለ ቄስ ነው። ከ200 ዓመት በኋላ፥ በ1966፥ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ይህን የመሰለ ሕግ ፈረሙ፤ ነገር ግን የሚገዛው የፌዴራሉን መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ብቻ ስለ ሆነ፥ የከተማ መዝገብ የሚፈልግ ሰው በየግዛቱ ሕግ መጠየቅ ነበረበት። ቺካጎ በምትገኝበት በኢሊኖይ ግዛት ሕጉ የጸናው በ1984 ነው። በዚህ ሕግ መሠረት የተጠየቀው መሥሪያ ቤት በ5 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ቢቸግረው ሌላ 5 ቀን ይጨመርለታል። በአገራችን በኛ አቈጣጠር በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቍጥር 590 የሰጠው ጊዜ 30 ቀን መሆኑን እግረ መንገዴን ላስታውሳችሁ።

ኦክቶበር 20 ቀን 2014 ማታ ላኳን ማክዶናልድ የተባለ የ17 ዓመት ጥቁር ወጣት በቺካጎ ጎዳና ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደለ። ፖሊሶቹ የጻፉት ሪፖርት ወጣቱ ቢላዋ ይዞ ወደ እነርሱ እንደ ተጠጋ የሚናገር ነበር። ይህን ቃል መጀመሪያ ያጠራጠረው አንድ ወረቀት ነው። ጄሚ ካልቨን የተባለ ጋዜጠኛ የአስከሬኑን ምርመራ ውጤት በሕግ ጠይቆ አገኘና በፌብሩዋሪ 2015 አሳተመው፤ በልጁ ሰውነት ላይ 16 የጥይት ቍስል ተቈጥሮ ነበር። በኤፕሪል የከተማው ምክር ቤት ለሟች ቤተ ሰብ 5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ወሰነ። ይህን ያህል ገንዘብ ከከተማው ካዝና ሲወጣ፥ በፖሊስ መኪና ላይ የነበረው ካሜራ ያነሣውን ፊልም ሕዝቡ ገና አላየውም ነበር።

ፊልሙን የጠየቁ ብዙዎች ተከልክለዋል። በሜይ 2015 ብራንደን ስሚዝ የተባለ ጋዜጠኛም ጥያቄውን ጽፎ ለፖሊስ መምሪያው አቀረበ። መምሪያው ቀኑን ሲያራዝም ከቈየ በኋላ፥ በኦገስት «ጉዳዩ በምርመራ ላይ ስለ ሆነ አይሰጥም» ሲል መለሰ፤ ጋዜጠኛውም ፍርድ ቤት ከሰሰ።

ይህ መልስ በራሱ ያለ ምክንያት የተሰጠ ነው ለማለት አልችልም። ምርመራ ምስጢር ይፈልጋል፤ ምስክር አስቀድሞ የሌላውን ቃል ከሰማ የራሱን ሊለውጥ ይችላል፤ ሕጉም ይህን አስቦ ከልካይ አንቀጽ አኑሯል። ዳኛው ፍራንክሊን ቫልደራማ የመረመሩት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም መርማሪው ማን ነው? ነገሩን የያዙት ፖሊሶችን የሚቈጣጠረው መሥሪያ ቤትና ዐቃብያነ ሕግ እንጂ ፊልሙን የተጠየቀው መምሪያ አልነበረም። አንቀጹ የሚጠብቀው የተጠየቀው መሥሪያ ቤት ራሱ የሚያካሂደውን ምርመራ ስለ ሆነ፥ መምሪያው በሌላው ምርመራ ተከልሎ መዝገቡን ሊደብቅ አይችልም ሲሉ ኖቬምበር 19 ቀን 2015 ፈረዱ። «ይህ የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው» እያልን ባለጉዳይ ስንመልስ የኖርን ሰዎች ይህን ፍርድ ሁለት ጊዜ ብናነብበው አይጐዳንም።

ፊልሙ ኖቬምበር 24 ቀን ወጣ። በዚያው ዕለት ተኳሹ ፖሊስ በነፍስ ግድያ ተከሰሰ፤ ልጁ ከሞተ 13 ወር ሆኖት ነበር። ፊልሙ የሚያሳየው ወጣቱ ከፖሊሶቹ እየራቀ ሲሄድ እንጂ ወደ እነርሱ ሲመጣ አይደለም። ጥቂት ቀናት ቈይቶ የፖሊሶቹ ሪፖርት በተገለጠ ጊዜ፥ ጽሑፉና ፊልሙ ምን ያህል እንደሚለያዩ ማንም አንብቦ ለማየት ቻለ። ዲሴምበር 1 ቀን ከንቲባው ራም ኢማኑኤል የፖሊሱን አዛዥ ከሥራ አሰናበቱ።

ተኳሹ በ2018 ጥፋተኛ ሆኖ በ2019 የ6 ዓመት ከ9 ወር እስራት ተፈረደበት። ሪፖርቱን አስማምተው አዛብተዋል ተብለው የተከሰሱት 3 ፖሊሶች ግን ከዚያ ፍርድ አንድ ቀን አስቀድሞ በነጻ ተለቀዋል፤ ይህንም ሳልነግራችሁ ባልፍ ታሪኩን ማጕደል ይሆንብኛል።

ፍርዱ ሳይሰጥ፥ ገና በ2016፥ ከተማይቱ እንዲህ ያለው ፊልም በ60 ቀን ውስጥ፥ ቢዘገይም 30 ቀን ተጨምሮ፥ ለሕዝብ እንዲወጣ ደንብ አወጣች። ጁን 3 ቀንም ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት የ100 ያህል ሌሎች ጉዳዮችን ፊልም፥ ድምፅና ሪፖርት በአንድ ጊዜ ዘርግቶ ለሚፈልግ ሁሉ አቀረበ።