ከፎቶግራፍ ሥፍራን መልሶ ስለ መሥራት

ተራ ፎቶግራፎችን አገጣጥሞ ቁመት፥ ስፋትና ጥልቀት ያለው፥ ተመልካቹም እንደ ልቡ የሚዘዋወርበት ሥፍራ የሚሠራ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ዛሬ በብዙ ሰው እጅ ይገኛል። አሳቡ ግን ከኮምፒዩተር የቀደመ ነው። ታሪኩን እንድንመረምር ያነሣሣን አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ለታሪክ ጸሐፊ ማስረጃ የሚሆነው የተሠራው ሥፍራ ነው ወይስ ፎቶግራፉ? (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

አልብሬኽት ማይደንባወር የተባለ ወጣት የፕሩሲያ አርክቴክት በ1858 የቬትስላርን ካቴድራል ሲለካ ከከፍታው ላይ ከመውደቅ ለጥቂት ተረፈ። ሕንጻው ላይ ተንጠላጥሎ ከመለካት ይልቅ ምስሉን መለካት ይቻል እንደ ሆነ ያሰበው ያን ጊዜ ነው። ዘዴውም ይህ ነው፤ አንድ የሕንጻ ማዕዘን ከሁለት ሥፍራ በተነሡ ፎቶግራፎች ላይ ከታየ፥ ከየካሜራው ወደ ማዕዘኑ የሚሄዱት መሥመሮች የሚገናኙበት ነጥብ የማዕዘኑ ቦታ ነው። በ1885 በበርሊን ለዚሁ ሥራ የመንግሥት ተቋም ተመሥርቶ ማይደንባወር መራው። በዚያ የተከማቹት የመስተዋት ኔጋቲቮች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፈረሱ ሕንጻዎችን ለማደስ ጠቅመዋል።

ለማይደንባወር ሥራ ግን ለልኬት የተዘጋጀ ልዩ ካሜራ ያስፈልግ ነበር። በ2006 ኖዋ ስናቭሊ፥ ስቲቨን ሳይትስና ሪቻርድ ሴሊስኪ በአሜሪካ ያቀረቡት ፕሮግራም ይህን ግዴታ አስቀረ። ፕሮግራሙ በየፎቶግራፉ ላይ የሚመሳሰሉትን ነጥቦች እያዛመደ፥ ማንነቱ ያልታወቀ መንገደኛ ካሜራውን ይዞ የቆመበትን ሥፍራ ራሱ አስልቶ ያገኛል። ለፓሪሱ ኖትር ዳም ከተሰበሰቡት 2,635 ፎቶግራፎች ውስጥ ሊገጣጠሙ የቻሉት 597 ናቸው። በ2009 ደግሞ 150,000 ያህል የሮማ ፎቶግራፎች ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ተሠሩ። ይሁን እንጂ የተገኘው ሮማ ከተማ አልነበረም፤ ኮሎሲየም ለብቻው፥ የትሬቪም ፏፏቴ ለብቻው እንደ ደሴት ቆመው ቀሩ። ልብስ የሚሰጣበትን ጓሮ ያነሣ መንገደኛ የለምና፥ ከጎብኚ ፎቶግራፍ የሚሠራ ታሪክ የጎብኚውን ዓይን ይዞ ይመጣል።

ለጥያቄያችን ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ባሚያን ነው። በአፍጋኒስታን ያሉት ሁለቱ ታላላቅ የቡድሃ ሐውልቶች በማርች 2001 በታሊባን ፈረሱ። የዙሪክ ፖሊቴክኒክ ሊቃውንት ትልቁን ሐውልት በኮምፒዩተር መልሰው ሲሠሩ ከኢንተርኔት የተለቀሙ የጎብኚ ፎቶግራፎችንም ሞከሩ፤ የልብሱ እጥፋት ሳይቀር በደንብ የወጣላቸው ግን በ1970 ለልኬት ተብለው ከተነሡት ሦስት ፎቶግራፎች ነው። ስለዚህ ማስረጃው ፎቶግራፉ ነው እንላለን፤ ሥፍራው ትርጓሜ ነው፤ ትርጓሜም በየጊዜው ይታደሳል።

ማይክሮሶፍት ኩባንያ በ2008 ፎቶሲንዝ የተባለውን አገልግሎት ለሕዝብ ከፍቶ ነበር፤ አያሌ ሰዎችም ቤታቸውንና መንደራቸውን እየሠሩ አኖሩበት። በፌብሩዋሪ 2017 ተዘጋ። የበርሊኑ መስተዋት ከመቶ ዓመት በላይ ሲቆይ ይህ ዐሥር ዓመት አልሞላም። ፎቶግራፎቻቸውን በቤታቸው ያስቀመጡ ሰዎች በዛሬዎቹ ፕሮግራሞች ሥፍራውን እንደ ገና ሊሠሩት ይችላሉ።