አምስት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ የቆመ አውሮፕላን

ዛሬ ስለ አንድ ሠዓሊ ላወራችሁ ነው። ያስተማርኳችሁ ልጆች ታስታውሱ እንደሆነ፣ የታሪክ ድርሰቱን «በድሮ ጊዜ» ብሎ የጀመረ ተማሪ ወረቀቱ በቀይ ተሞልቶ ነበር የሚመለስለት። «የትኛው ድሮ? በስንት ዓመተ ምሕረት? ማን ነበረ?» እያልኩ አሰለቻችሁ ነበር። የዛሬው ሰውዬ ይህንኑ ጥያቄ በብሩሽ ሲጠይቅ የኖረ ነው። (ካልጠቀስኩ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ኪት ፌሪስ ይባላል፤ አሜሪካዊ ነው። በ1929 ሆኖሉሉ ተወለደ። አባቱ የጦር አውሮፕላን አብራሪ ስለነበሩ በየጦር ሰፈሩ የሞተር ድምፅ እየሰማ አደገ። ምኞቱም እንደ አባቱ ማብረር ነበር። ግን አልሆነለትም። አለርጂ አለብህ ተባለና የአብራሪነቱ በር ተዘጋ።

እሱ በሌላ በር ገባ። ገና በወጣትነቱ ቴክሳስ በሚገኘው የራንዶልፍ አየር ኃይል ሰፈር ለሥልጠና መጻሕፍት ሥዕል መሥራት ጀመረ። የማስተማሪያ ሥዕል ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ ተማሪው መሪውን የሚይዘው ሥዕሉ ላይ ያየውን አምኖ ነው። በ1956 የራሱን ሥራ ጀመረ፤ ለአውሮፕላን ኩባንያዎች ማስታወቂያ፣ ለአየር ኃይሉ የሥዕል ስብስብም ይሠራ ነበር። በ1980ዎቹ ደግሞ የአሜሪካ የአቪዬሽን ሠዓሊዎችን ማኅበር ካቋቋሙት አንዱ ሆነ።

አሠራሩን ልንገራችሁ። አውሮፕላን ሲስል ፎቶ አይገለብጥም። የፋብሪካውን ንድፍ ይወስዳል፤ ከላይ፣ ከጎን፣ ከፊት የሚታየውን። ከዚያ ተመልካቹ የት ቆሞ እንደሚያይ፣ አውሮፕላኑም ምን ያህል እንዳዘነበለ ይወስናል። እያንዳንዷን ነጥብ በጂኦሜትሪ እያሰላ ወደ ሸራው ያመጣታል። ቀለም የሚነካው ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በዚህ ላይ በአየር ኃይሉ ጄቶች ውስጥ ከአብራሪዎች ጋር ተሳፍሮ በርሯል። አብራሪ መሆን የተከለከለው ሰው ሰማዩን ከውስጥ ለማየት በዚህም በኩል መንገድ አገኘ።

አሁን ወደ ዋናው ሥራው ልምጣ። በ1976 የስሚዝሶኒያን ብሔራዊ የአየርና የኅዋ ሙዚየም ዋሽንግተን ላይ አዲሱን ሕንፃ ሲከፍት፣ ፌሪስ አንድ ትልቅ ግድግዳ ተሰጥቶት ነበር። ቁመቱ 25 ጫማ፣ ርዝመቱ 75 ጫማ፤ ማለትም ወደ 7 ሜትር ተኩል በ23 ሜትር ግድም። ርዕሰ ጉዳዩ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣይ ቢ-17 ነው፤ ወታደሮቹ «በራሪ ምሽግ» የሚሉት።

እዚህ ላይ ቀላል መንገድ ነበረው። አንድ ስም የለሽ ቢ-17፣ ጥቂት ጭስ፣ ጥቂት የጠላት ተዋጊዎች ሥሎ «ጦርነቱ ይህን ይመስል ነበር» ማለት ይችል ነበር። ያንን አላደረገም። አንድ አውሮፕላን መረጠ፤ እንግሊዝ አገር ሞልስዎርዝ ከሚገኘው የ303ኛው ቦምብ ጣይ ቡድን «ተንደር በርድ» የሚባለውን። አንድ ቀን መረጠ፤ ኦገስት 15 ቀን 1944። አንድ ሰዓትም መረጠ፤ ከጠዋቱ 11:45፣ በእኛ አቆጣጠር 5:45። አውሮፕላኑ ከዊስባደን ዘመቻ ሲመለስ ጀርመን ውስጥ ትሪር ከተማ ላይ ደርሷል። በእኛ ቀን ነሐሴ 9፣ 1936 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ፍልሰታ ላይ ነበርን።

ለምን ይሄን ያህል ይጨነቃል? ደቂቃውን አንዴ ከተናገርክ ሁሉም ነገር ሊመረመር ይችላል። ፀሐይዋ በየት በኩል ነበረች? ጭራው ላይ የተጻፈው ቁጥር ስንት ነው? ያኔ እዚያ የነበረ ሽማግሌ ግድግዳው ፊት ቆሞ «እንዲህ አልነበረም» ሊልህ ይችላል። ስም የለሹን ሥዕል ማንም አይሞግተውም። የማይሞገት ታሪክ ደግሞ፣ ልጆቼ፣ ታሪክ ሳይሆን ጌጥ ነው።

የሚገርመው፣ ይህ ለእውነት የሚጨነቅ ሰው የማታለያ ዘዴም ፈልስፏል! ዓይን አውሮፕላን በየት በኩል እንደሚታጠፍ እንዴት እንደምትለይ ጠንቅቆ ስለሚያውቅ፣ በአውሮፕላኑ ሆድ ላይ የውሸት የአብራሪ ክፍል መስኮት ቢሳል ጠላት ላይና ታቹ ይምታታበታል አለ። የፈጠራ መብትም አገኘበት። የካናዳን ሲኤፍ-18 ተዋጊዎች ከሥር ብታዩ ያ መስኮት ተስሎባቸዋል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ያ ግድግዳ ደቂቃው ሳይቀር የተጠነቀቀ ነው፤ የሚያየው ግን ከላይ ነው። በዚያች ጠዋት ዊስባደን ላይ አንገቱን ቀና አድርጎ ሰማዩን ያየው ሰው ሥዕሉ ውስጥ የለም። ፌሪስን መክሰሴ አይደለም፤ ማንኛውም ሥዕል የሆነ ቦታ ቆሞ ነው የሚያይ። ግን ትክክል መሆንና ሙሉ መሆን ይለያያሉ።

ይሄ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። ብዙ አያቶቻችን የጦር አውሮፕላንን ያወቁት ከታች ሆነው ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ላይ የጣሊያን ቦምብ ሲዘንብ የነበሩ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ ይህን ጽሑፍ ታነቡ ይሆናል። ከታች የታየውን ያንን ሰማይ በፌሪስ ጥንቃቄ፣ ከነቀኑ ከነሰዓቱ፣ ማን ይሥለው?

ሠዓሊ ባንሆንም መጻፍ አያቅተንም። ከቤታችሁ የሰማችሁት ካለ ከዚህ ሥር አስፍሩት፤ ሰፈሩን፣ ቀኑን፣ የሰዎቹን ስም ጨምራችሁ። ዲሲ አካባቢ ያላችሁም ሙዚየሙ እድሳት ላይ ስለቆየ ክፍሉ መከፈቱን አጣርታችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

አደራ፣ «በድሮ ጊዜ» ብሎ የሚጀምር አስተያየት አላነብም። ቀይ እስክሪብቶዬ አሁንም አለች!