ጓዳና ሱቅ በአንድ ጣሪያ፦ በዳንግላና በእንጅባራ የመኖሪያ ቦታ ወደ ንግድ የተሻገረበት ታሪክ

በኢትዮጵያ ከተሞች የመሬት አስተዳደር ውስጥ «የአገልግሎት ለውጥ» የሚባለው፣ አንድ ባለይዞታ ለመኖሪያ የተሰጠውን ቦታ ለሱቅ፣ ለሆቴል፣ ለመጋዘን ወይም ለሌላ የንግድ ሥራ ለማዋል ሲፈልግ ለከተማው አስተዳደር አመልክቶ የሚፈቀድለት ወይም የሚከለከለው የይዞታ ለውጥ ነው። ቃሉ የቢሮ ቃል ቢሆንም ከበስተጀርባው ያለው ጉዳይ ረጅም ዕድሜ አለው። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የሚገኙት ዳንግላና እንጅባራ ያለፉበትን መንገድ ለተመለከተ፣ መኖሪያና ንግድ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች መሆናቸው ለእነዚህ ከተሞች ነባር ነገር ሳይሆን በሕግና በፕላን አማካይነት ዘግይቶ የመጣ ሐሳብ መሆኑ ግልጽ ይሆንለታል። ስለዚህም የይዞታ ካርታውን ይዞ ማዘጋጃ ቤት የሚቀርበው ነጋዴ ልዩ አስተያየት የሚለምን ሰው ተደርጎ መታየቱ ከታሪኩ ጋር አይጣጣምም፤ ሰውየው የሚጠይቀው ከተማው ሲቆረቆር ማንም ሳይጠየቅ ያደርገው የነበረውን ነው።

ሁለቱ ከተሞች የመንገድ ልጆች ናቸው። ዳንግላ ከባሕር ዳር በስተደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የተቀመጠች ስትሆን፣ እንጅባራ ደግሞ ከዚያ ወደ ደቡብ አልፎ ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነው ደጋ ላይ፣ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስና በቡሬ የሚመጣው ዋና መንገድ ወደ ቻግኒና ወደ መተከል ቆላ ከሚወርደው መንገድ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ትገኛለች። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ እንጅባራን ኮሶበር ብሎ ይጠራታል፤ «በር» የሚለው ቃልም ከሁለት መንገድ መገናኛ ጋር ሲታይ ለቦታው የተገባ ስም ነው። የደጋው ድንች፣ ቀርከሃና ከሰል፣ የቆላው ማርና ከብት በእነዚህ መንገዶች ላይ ስለሚተላለፉ፣ በመንገዱ ዳር ቤት የሠራ ሁሉ ነጋዴ የመሆን ዕድል ከደጁ ቆሞ ይጠብቀው ነበር።

ከማዘጋጃ ቤት በፊት ሁለቱ ከተሞች በሚገኙበት በአገው ምድር የመሬት ነገር የሚዳኘው በርስት ነበር። ርስት ማለት ከአንድ አቅኚ የሚወለዱ ሁሉ ትውልዳቸውን ቆጥረው ድርሻ የሚጠይቁበት፣ የሚወረስ እንጂ እንደ ሸቀጥ የማይሸጥ የዘር ይዞታ ሲሆን፣ ጉልት ደግሞ ከዚያው መሬት ግብር የመሰብሰብ መብት ነበር። አንከሻን፣ አዘናን፣ ባንጃን፣ ጫራን፣ ቋኩራን፣ መተከልንና ዚገምን የሚያሰባስበው «ሰባት ቤት አገው» የሚለው ስያሜ ራሱ ይህን አስተሳሰብ የተሸከመ ነው፤ እዚህ ላይ «ቤት» የሚለው ቃል የሚያመለክተው ግድግዳና ጣሪያን ሳይሆን ወገንን ነው። ርስት «የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «ምን ይሠራበታል?» ብሎ አይጠይቅም። ርስተኛው በመሬቱ ላይ ቢያርስበት፣ ቢያጥርበት፣ ጠላ ቢሸጥበት ጉዳዩ የራሱና የዘመዱ ነበር። በአንጻሩ ርስት የሌለው ሰው፣ በተለይም በጎጃም እንደ ሌሎቹ የሰሜን ደጋ አገሮች ከርስት ባለቤትነት ርቆ በንግድና በሽመና ይተዳደር የነበረው ሙስሊም፣ በሌላ ሰው መሬት ላይ ቤት ቀልሶ በዚያው ቤት መኖርም መነገድም ግድ ይሆንበት ነበር። ለእርሱ ጓዳና ሱቅ በአንድ ጣሪያ ሥር መሆናቸው ምርጫ ሳይሆን ከመሬት ሥርዓቱ የመጣ ዕጣ ነበር ማለት ይቻላል።

ዳንግላ ከእንጅባራ ቀድማ በውጭው ዓለም ካርታ ላይ ሰፍራለች። ብሪታንያ ለሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የከፈተችው ቆንስላ መቀመጫው በዳንግላ ስለነበረ፣ ሜጀር ሮበርት ቺዝማን ከ1918 እስከ 1926 ዓ.ም. እዚያ ቆንስል ሆኖ ሲሠራ የጣናን ሐይቅና የዓባይን ሸለቆ ለክቶ ጽፏል፤ ከሱዳን ጋር የሚደረገው ንግድ ለቆንስላው መኖር አንዱ ምክንያት እንደነበረም አይዘነጋም። ከዚያ በኋላ የመጣው የጣሊያን ወረራ ከባሕር ዳር በዳንግላ፣ በእንጅባራና በቡሬ በኩል የወታደር መኪና መንገድ ዘረጋና ምሽጎቹን በዚያው መስመር ላይ ደረደረ። በየካቲት 1933 ዓ.ም. የብሪታንያው መኮንን ኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዲዮን ጦርና የኢትዮጵያ አርበኞች ሲገፉ ጣሊያኖቹ ዳንግላንና እንጅባራን ለቀው ሄዱ፤ መንገዱ ግን ቀረ፤ ዛሬ የአገልግሎት ለውጥ የሚጠየቅባቸው ቦታዎች አብዛኞቹ የሚገኙትም ይህ መንገድ በሄደበት አቅጣጫ ግራና ቀኝ ነው።

ከተማን በሥራ ዓይነት ከፋፍሎ የመደልደል አሠራር፣ ማለትም ዞኒንግ፣ በዓለም ላይም ቢሆን ዕድሜው ረጅም አይደለም። የጀርመን ከተሞች በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀመሩት፤ ኒው ዮርክ በ1916 እ.ኤ.አ. ከተማውን በሙሉ የሚሸፍን ደንብ አወጣች፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1926 እ.ኤ.አ. ዩክሊድ የተባለች አነስተኛ ከተማ አምብለር ከተባለ የመሬት ኩባንያ ጋር በነበራት ክርክር አንድ ከተማ የግል መሬትን አገልግሎት መወሰን እንደሚችል ፈረደ። በኢትዮጵያ ምድር ግን ይህ ሐሳብ መጀመሪያ የገባው በመልካም ፊት አልነበረም፤ ጣሊያኖች ለአዲስ አበባ ባወጡት ፕላን የአራዳን ገበያ አንሥተው «ለአገሬው» ብለው ወደለዩት መርካቶ ሲያዛውሩ፣ ንግድንና መኖሪያን የለዩበት ዋናው መስመር የቆዳ ቀለም ነበር። ይህ አጀማመር ሊረሳ አይገባም፤ በፕላን ስም የሚደረግ ክፍፍል ሁሉ የነዋሪውን ጥቅም ብቻ አስቦ እንደማይሠራ የሚያስታውስ ነውና።

ከነጻነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ለከተሞች ሹም፣ ምክር ቤትና ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን ሰጠ። ዳንግላ የአገው ምድር አውራጃ መቀመጫ በመሆኗ ፍርድ ቤቱ፣ ፖሊሱና ግምጃ ቤቱ እዚያ ተሰበሰቡ፤ ባለጉዳይ ባለበት ደግሞ የሚበላ፣ የሚጠጣና የሚታደርበት ቦታ ይፈለጋል። በዚያ ዘመን በነዚህ ከተሞች የተለመደው የመንገድ ዳር ቤት አሠራር ልብ ተብሎ ሊታይ የሚገባው ነው። ግድግዳው በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ቆሞ በጭድ በተቦካ ጭቃ ይመረጋል፤ ጣሪያው አቅም ላለው ቆርቆሮ፣ ለሌለው ሣር ይሆናል። ወደ መንገዱ የሚያየው ክፍል በሳንቃ የሚዘጋ ሰፊ መስኮት ይኖረውና ጠዋት ሳንቃው ሲነሣ ጨው፣ ስኳር፣ ሳሙናና ላምባ የተደረደረበት ሱቅ ይሆናል፤ ማታ ሳንቃው ሲገጠም ያው ክፍል የልጆች መኝታ ይሆናል። ከመጋረጃው በስተኋላ ምድጃው፣ ከጓሮ ደግሞ የጠላው ጋን አለ። እንዲህ ያለውን ቤት «መኖሪያ» ወይም «ንግድ» ብሎ ለመመዝገብ የሚሞክር ጸሐፊ ቀኑን ወይም ሌሊቱን መምረጥ ነበረበት።

የመሬት ልኬት ጉዳይ በጎጃም እንደዋዛ የሚነሣ አልነበረም። ገበሬው መሬቱ ሲለካ ርስቱ እንደሚነካ ስለሚያምን በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን በመቃወም መሣሪያ እስከማንሣት ደርሷል። ይህ ጥርጣሬ ከገጠር ወደ ከተማ መግባቱ አይቀርም ነበር፤ ሜትር የያዘ ሰው በአጥር ጥግ ሲታይ ነዋሪው የሚጨነቀው ያለምክንያት አይደለም።

ሁሉን የገለበጠው ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው ይህ አዋጅ፣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ፈቅዶ፣ ለመኖሪያ የሚሰጠውን ቦታ በ500 ካሬ ሜትር ገደበ፤ የከተማን ቦታ መሸጥንም ከለከለ፤ ለንግድ የሚሆን ቤት ግን በመንግሥት ፈቃድ ሊያዝ ይችል ነበር። እዚህ ላይ ነው «መኖሪያ» እና «ንግድ» የሚሉት ቃላት በዳንግላና በእንጅባራ ነዋሪ ሕይወት ውስጥ ሀብትን የሚያስቀሩ ወይም የሚያስወስዱ የሕግ ቃላት የሆኑት። በአንድ ጣሪያ ሥር የኖረና የነገደ ሰው ቤቱ አንድ ሆኖ ተቆጠረለት፤ ከመንገዱ ዳር ሱቅ፣ ከውስጥ ሰፈር መኖሪያ የሠራው ግን ሁለተኛውን ቤት ለምን እንደያዘ ማስረዳት ነበረበት። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ የተወረሱ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ቀበሌ የሚለው ቃልም ከዚያ ወዲህ የአስተዳደር ብቻ ሳይሆን የአከራይ ስም ሆነ። ቀጥሎ የመጣው አዋጅ ቁጥር 76/1968 የችርቻሮ ነጋዴን ካፒታል በ200,000 ብር፣ የጅምላ ነጋዴን በ300,000 ብር ስለገደበ ንግዱን የሚያሰፋ ሰው ቦታ የሚጠይቅበት ምክንያትም ጠበበ። በእነዚያ ዓመታት የአገልግሎት ለውጥ ጥያቄ ጎልቶ የማይታየው ፍላጎቱ ስለጠፋ ሳይሆን የሚያድግበት መንገድ ስለተዘጋ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ካፒታሉ ተፈታ፤ መሬቱ ግን አልተፈታም። በታኅሣሥ 1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 80 የከተማ ቦታን በሊዝ፣ ማለትም ለተወሰነ ዘመን በውል በሚከፈል ዋጋ፣ የመያዝን ሥርዓት አስተዋወቀ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደነገገ። የሊዙ ሕግ በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 272፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 721 ተተካ። ይህ የ2004ቱ አዋጅ ለነጋዴው ትልቅ ትርጉም ያለው አንድ ነገር ይዟል፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች የመኖሪያ ሊዝ ዘመን 99 ዓመት ሲሆን የንግድ ግን 70 ዓመት ነው። እንግዲህ በሊዝ የተያዘ የመኖሪያ ቦታ ወደ ንግድ ሲዞር የሚነካው ዋጋው ብቻ ሳይሆን የይዞታው ዕድሜም ነው፤ ልጆቹ የሚወርሱት ዘመን በ29 ዓመት ለሚለየው አባወራ ይህ የወረቀት ጉዳይ አይደለም። «ነባር ይዞታ» የሚባለው፣ ከተማው ወደ ሊዝ ሥርዓት ከመግባቱ በፊት በሕጋዊ መንገድ የተያዘ ቦታ ደግሞ ከውርስ በስተቀር ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንዲገባ አዋጁ ስላዘዘ፣ በመንገድ ዳር የቆየ ቤተሰብ የቤቱን ዋጋ የሚያሰላው ሻጭ በመሆኑና ባለመሆኑ መካከል ቆሞ ነው።

ከሊዙ ጎን ለጎን የሄደው ሌላው ሕግ የፕላን ሕግ ነው። በ1979 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ የከተማ ፕላን ኢንስቲትዩት ለአገሪቱ ከተሞች ማስተር ፕላን የማዘጋጀት ኃላፊነት ነበረበት፤ በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ደግሞ የከተማውን አጠቃላይ ዕድገት ለ10 ዓመት የሚመራውን መዋቅራዊ ፕላንና አንድን ሰፈር ዘርዝሮ የሚያሳየውን የአካባቢ ልማት ፕላን ለየ፤ ፕላኑ ከመጽደቁ በፊትም ሕዝብ እንዲወያይበት ደነገገ። በፕላኑ ወረቀት ላይ መኖሪያው እንደተለመደው በቢጫ፣ ንግዱ በቀይ ይቀባል፤ በዋና መንገድ ዳር ደግሞ ሁለቱን የሚያቀላቅል «ቅይጥ አገልግሎት» የሚባል ምድብ ይሰጣል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በበኩሉ የሕንፃ አገልግሎት ሲለወጥ ፈቃድ እንዲጠየቅ አዘዘ። ስለዚህ አመልካቹ በአንድ ጥያቄ ሦስት በሮችን ያንኳኳል፦ ቦታው በፕላኑ ምን ተብሎ እንደተመደበ፣ የይዞታ ክፍያው እንዴት እንደሚሰላ፣ ቤቱም ለአዲሱ ሥራ ብቁ መሆን አለመሆኑን። ቦታው በፕላኑ ቀይ ወይም ቅይጥ ከሆነ ነገሩ የሥርዓትና የክፍያ ነው፤ ቢጫ ከሆነ ግን ጥያቄው ከባለሙያ ጠረጴዛ አልፎ ፕላኑን ራሱን ወደሚመለከት ክርክር ይሸጋገራል።

ቅይጥ የሚለው ቃል የዘመኑ ፕላነር የፈለሰፈው ይምሰል እንጂ ሳንቃ መስኮት የነበረው የጭቃ ቤት ያወቀው አሠራር ነው። ሕጉ በብዙ ዙር ለይቶ ለይቶ በመጨረሻ ለመንገድ ዳሩ የመለሰለት የቀድሞ ልማዱን ነው፤ ይህም ትክክል ነበር። ችግሩ የሚጀምረው ከመንገዱ አንድና ሁለት አጥር ገባ ብሎ ነው። የአዊ ዞን ሲደራጅ መቀመጫው እንጅባራ ስለሆነ፣ ቀድሞ ወደ ዳንግላ ይሄድ የነበረ ባለጉዳይ ወደዚያ ዞረ፤ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ እንጅባራ 21 ሺህ፣ ዳንግላ ወደ 25 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ነበራቸው፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ሲከበርም እንጅባራ ብዙ እንግዳ ታስተናግዳለች። የአልጋ፣ የምግብና የመጠጥ ፈላጊ በበዛ ቁጥር የውስጥ ሰፈር ግቢዎች ወደ እንግዳ ማረፊያና ግሮሰሪ መዞር ይጀምራሉ፤ ያን ጊዜ ጎረቤት የሌሊት ሙዚቃን፣ በጠባቡ የኮብልስቶን መንገድ ላይ የሚቆም የጭነት መኪናንና ወደ አጥሩ የሚፈስ ፍሳሽን ተሸካሚ ይሆናል። የባለይዞታው ጥቅም በካርታ ላይ ይጻፋል፤ የጎረቤቱ ጉዳት ግን የሚጻፍበት ቦታ የለም። አዋሳኝ ነዋሪ በወሰን ጉዳይ ብቻ ሳይሆን በአገልግሎቱ ጉዳይም ሊጠየቅ ይገባ ነበር፤ ለድንበር አንድ ክንድ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ማኅበረሰብ ለሌሊት እንቅልፉ የሚናገርበት መድረክ ማጣቱ ትልቅ ጉድለት ነው።

በእንጅባራ መንገድ ዳር የቀርከሃ ሠሪው ሥራ ይህን ሁሉ በአንድ ግቢ ያሳያል። ከደጋው የመጣው ቀርከሃ በጓሮ ይሰነጠቃል፣ ይላጋል፤ ወንበሩና መደርደሪያው በግቢው ውስጥ ይገጠማል፤ ያለቀው ዕቃ ከአጥር ውጭ፣ ከአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ለመንገደኛ ይደረደራል። ግቢው በካርታ መኖሪያ ነው፤ ሥራው አነስተኛ ፋብሪካ ነው፤ መሸጫው የመንገድ ዳርቻ ነው። የአገልግሎት ለውጥ የሚጠይቀው ግን ባለካርታው እንጂ ቀርከሃውን የሚሰነጥቀው ተከራይ አይደለም። ለውጡ ሲፈቀድና በቦታው ላይ ፎቅ ሲታሰብ፣ ያን የመንገድ ጠርዝ ገበያ ያደረገው ሰው በማመልከቻው ላይ ስሙ ስለሌለ መሰንጠቂያውንና ያልተሸጠውን ወንበር ጭኖ ሌላ ግቢ ፍለጋ ይወጣል።