የስኳር ቀይ ሥር የእኛ ደጋ ይስማማዋል?

በቅርቡ አንድ ወዳጄ፣ ገበሬዎች ለስኳር ፋብሪካ «ሹገር ቢት» አምርተው እንዲያስረክቡ የተዘጋጀ የውል ረቂቅ እንዳይለት ሰጠኝ። አብሮት የተያያዘው ጥናት ስለ አየር ንብረቱ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ የአካባቢው አማካይ የሙቀት መጠን ለተክሉ ተስማሚ ነው ይላል። እኔ የሕግ ሰው ነኝ። ይሁን እንጂ ገበሬው ጤፉን ትቶ የሚፈርምበት ወረቀት በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ መቆሙ ስላላማረኝ ጉዳዩን ጥቂት አገላበጥኩት።

አስቀድመን ስሙን እናጥራ። ሹገር ቢት ስኳር ድንች አይደለም። የቀይ ሥር ዘመድ ነው፤ ሥሩ ግን ነጭ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ማርግራፍ እ.ኤ.አ. በ1747 ስኳሩ ከሸንኮራ አገዳው ጋር አንድ መሆኑን አሳየ። ዛሬ ከዓለም ስኳር አንድ አምስተኛ ገደማው የሚገኘው ከዚህ ሥር ነው።

ተክሉ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፣ ከአምስት እስከ ስድስት ወር ጊዜና ከ500 እስከ 700 ሚሊ ሜትር ውኃ ይፈልጋል። በዚህ መለኪያ ወይና ደጋችን ያልፋል። እንዲያውም ብርድ ያገኘው ተክል ያለጊዜው አብቦ ስኳሩን የሚያባክነው ረጅም ቀን ሲታከልበት ነው፤ የእኛ ቀን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም።

ችግሩ ያለው በወራቱ ነው። ቢሾፍቱንና አካባቢዋን እንውሰድ። ሰኔ ላይ ቢዘራ ቡቃያው ሳይጠነክር የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ይደርስበታል። መረሬው ውኃ ይቋጥራል፤ ቡቃያው ደግሞ ውኃ የተኛበት መሬት አይወድም። መስከረም ሲጠባ ነገሩ ይገለበጣል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ብሩህ ቀንና ቀዝቃዛ ሌሊት በሥሩ ውስጥ ስኳር ለማጠራቀም የተመቸ ነው፤ ያኔ ግን ዝናቡ ሄዷል። ሥሩ ጠልቆ የቀረውን እርጥበት ቢፈልግም ያለ ተጨማሪ መስኖ የሚዘልቅ አይመስለኝም። ቢዘልቅ እንኳ መረሬው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሥሩን ሳይሰብሩ ከዚያ ውስጥ መንቀል ምን እንደሚመስል መረሬ ያረሰ ይንገረን።

ወደ ወለጋ ቢሄዱ ዝናቡ ይረዝማል፤ ብዙው ቀይ አፈር ግን አሲዳማ ነው። ሹገር ቢት ፒኤቹ ከ6.5 ያላነሰ አፈር ስለሚሻ ኖራ በብዛት መነስነስ ግድ ይሆናል።

ግብፆች በቀዝቃዛ ወራቸው በመስኖ እያለሙት ዛሬ ከአገዳው የበለጠ ስኳር ያወጡበታል። ስለዚህ መስኖ ካለ እኛም ጥቅምት ላይ ዘርተን ሚያዝያ ላይ ማንሳት እንችል ይሆናል። ነገር ግን መስኖ ካለ አገዳም አለ። ወንጂ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ውኃ ስኳር ሲያመርት ኖሯል፤ የአገዳው ገለባም ለፋብሪካው ማገዶ ይሆናል። የሹገር ቢት ተረፈ ምርት ለከብት መኖ እንጂ ለማገዶ ስለማይሆን ነዳጁ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። ለወተት ላም አርቢ ግን መኖው ቀላል ነገር አይደለም።

ረቂቁን ለወዳጄ መለስኩለት። የወር በወር የዝናብ ሠንጠረዥና የአፈር ምርመራ ውጤት እንዲያያዝበት፣ የተነቀለ ሥር ደግሞ በየቀኑ ስኳሩን ስለሚያጣ የፋብሪካው መኪና ሲዘገይ ኪሳራው የማን እንደሆነ በግልጽ እንዲጻፍ ጠየቅሁ። በዚህ ላይ ረቂቁ አንድም ቃል አልነበረውም።